ጭሱን ማንበብ፦ በሳቢያን አንዲት አሮጌ ኮሮላ ከምርመራ የወደቀችበት ምክንያት

በትምህርት ክፍሉ ለሕዝብ ክፍት የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር



ለዛሬ የመረጥሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። አንዲት መኪና ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ቀርባ በጭሷ ምክንያት ወደቀች፤ ለምን እንደወደቀች ለማወቅም አራት ቀን ፈጀብን። ከአራቱ ቀናት አንዱን ሙሉ ያባከንሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳባከንሁትም እናገራለሁ። ማሽን ስለ መጠገን በመማሪያ ክፍል ከምናስተምረው ይልቅ ከዚህ ስሕተት የሚገኘው ትምህርት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መኪናዋ 1.3 ሊትር ሞተር ያላት፣ ባለ ካርቡሬተር ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለቤቷ በሳቢያን የሚኖሩ አረጋዊ ናቸው፤ ጡረታቸውን የሚደጉሙት በእርሷ ነው። ቦሎ ካልታደሰ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ የወሩ ወጪ አይሸፈንም። ወደ ወርክሾፓችን ሲመጡ በእጃቸው አንድ ፌስታል ይዘው ነበር። በውስጡ አራት ካንዴላ፣ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ አንድ ቦቢና፣ ጥቂት የካርቡሬተር ጓርኒሲዮኖች ነበሩ። ምርመራውን ከወደቁ በኋላ በሁለት ጋራዥ የተቀየሩላቸው አሮጌ ዕቃዎች ናቸው። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል እንጂ አልተበላሹም፤ ቦቢናው ለክተነው ጤነኛ ነበር፤ ፊልትሮውም ቢሆን ቢቆሽሽ እንጂ አልታፈነም። ሰውየው ለእነዚህ ሁሉ ምትክ ከፍለዋል። መኪናዋ ግን ያው ናት።

በነገራችን ላይ የእነዚህን ዕቃዎች ስም ልብ በሉ። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቦቢና፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሚነቀልና የሚገጠም ዕቃ ሁሉ በጋራዦቻችን የራሱ ስም አለው። ለመለካት ሥራ ግን እንዲህ አፍ የለመደው ቃል የለንም፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ባለቤቱ የምርመራውን ውጤት አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው ነበር። ለማረጋገጥ በራሳችን መሣሪያ በማለዳ ደግመን ለካን፤ ሞተሩ ያለ ጭነት እየዞረ ካርቦን ሞኖክሳይድ 6.4 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን በሚሊዮን 410፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10.4 በመቶ፣ ኦክስጅን 0.7 በመቶ። ለማነጻጸር ያህል፣ በብሪታንያ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1986 እስከ ሐምሌ 1992 ሥራ ላይ ለዋለ የቤንዚን መኪና የሚፈቀደው ካርቦን ሞኖክሳይድ 3.5 በመቶ ነው። የእኛዋ መኪና ወደ እጥፉ ተጠግታለች።

ብዙ ሰው ከዚህ ወረቀት የሚያነበው «ወድቋል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። አራቱ ቁጥሮች ግን አንድ ላይ ሲነበቡ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ የነዳጁ ካርቦን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆን ሲገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ብሎ ኦክስጅን ዝቅ ካለ፣ እሳቱ አለ፤ የጎደለው አየር ነው፤ ወይም የበዛው ነዳጅ ነው። ሃይድሮካርቦኑና ኦክስጅኑ አብረው ከፍ ብለው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ነዳጁም አየሩም ሳይነካኩ አልፈው ወጥተዋል፤ አንዱ ሲሊንደር አልተቀጣጠለም ማለት ነው። ካንዴላና ቦቢና የሚጠረጠሩት ያኔ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመልካም ቃጠሎ ምስክር ነው፤ በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ከ13 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ኦክስጅኑ ብቻውን ያለ ቅጥ ከፍ ካለ ደግሞ ሞተሩን ከመንካታችሁ በፊት ማርሚታውን ፈትሹ፤ በተበሳ ማርሚታ የውጭ አየር ገብቶ ጭሱን ሊያቀጥነው ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትለኩት የሞተሩን ጭስ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በዚህች መኪና ወረቀት ላይ ስለ ካንዴላ የሚናገር ምንም ነገር አልነበረም። ወረቀቱ የሚለው «ነዳጅ በዝቶብኛል» ነው። ካንዴላዎቹን ያጠቆራቸውም ይኸው ነው። ምልክቱን ቀይረው ምክንያቱን ተዉት።

አሁን የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን እንዳየሁ ምክንያቱ ከፍታ ነው አልሁ። ስሌቱም የሚያምር ነበር። ካርቡሬተር አየርን በክብደት ለይቶ አያውቅም፤ የሚሠራው በአየሩ ፍጥነት በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ክብደት ይቀንሳል፤ የነዳጁ መቀነስ ግን ያን ያህል አይሆንም። ልዩነቱ በግምት የሁለቱ ቦታዎች የአየር ጥግግት ንጽጽር ካሬ ሥር ነው። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በ1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በ33 ዲግሪ ሙቀት ያው አየር ወደ 1.0 ኪሎ ይወርዳል። በካሬ ሥር ሲሰላ ድብልቁ በ11 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,350 ሜትር ገደማና በ20 ዲግሪ፣ 16 በመቶ ያህል ይሆናል። ለዚህም ነው በአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ድሬ ሲወርድ ነዳጅ የሚያንሰው፤ ከጅቡቲ የወጣው ደግሞ የሚበዛበት። ባለ ኦክስጅን ሴንሰር መኪናዎች ይህን በራሳቸው ያርማሉ፤ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1976 ሴንሰሩን በገበያ መኪና ላይ ካዋለ ወዲህ ዓለም ሁሉ የሄደበት መንገድ ነው። ካርቡሬተር ግን ተወልዶ ያደገበትን አየር አይረሳም።

ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አውጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «መኪናዋ ባለፈው ዓመት አልፋ ነበር?»

አልፋ ነበር። ካቻምናም አልፋ ነበር፤ እዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ካርቡሬተር። ድሬዳዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍ አላለችም። ያልተለወጠ ነገር ለተለወጠ ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስሌቴ ትክክል ነበር፤ የመለሰው ግን ያልተጠየቀውን ነው። ቀኑ በዚህ አለቀ።

በማግስቱ መጠየቅ የነበረብንን ጠየቅን። በዚህ ዓመት ውስጥ ምን ተነካ? ባለቤቱ ሦስት ነገር ነገሩን። በፌስታሉ ያሉትን አወቅናቸው። ሁለተኛ፣ ከምርመራው በኋላ አንድ ሰው «አሳልፍልሃለሁ» ብሎ የካርቡሬተሩን የድብልቅ ብሎን አጥብቆላቸው ነበር፤ መኪናዋ መንቀጥቀጥና መጥፋት ስላበዛች ወደ ነበረበት አስመለሱት። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየከተማው የሚደረግ ነውና። ብሎኑን ራሳችን አጥብቀን ለካን። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ 3.1 ወረደ። ወረቀቱን ለሚያይ ሰው ድል ነው። ሃይድሮካርቦኑ ግን ከ410 ወደ 900 ተሻገረ፤ ኦክስጅኑም አብሮ ወጣ። ቅድም ያልነው ነው፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ድብልቁ ስለሳሳበት ሳይቀጣጠል እያለፈ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን እንዳለ ወደ ጎዳናው ይወጣል። በሽታው አልዳነም፤ ቦታ ቀየረ። ለምርመራው ቀን ብሎን አጥብቆ በማግስቱ መመለስ ደግሞ ሞተሩንም የሚተነፍሰውን ሰውም የሚያታልል ሥራ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል እንደሆነ በር ዘግታችሁ ሞተር የምታስነሡ የጋራዥ ልጆች አትርሱት።

ሦስተኛው ነገር ለባለቤቱ ከጭስ ጋር የማይገናኝ ስለነበረ ሊነግሩን እንኳ አላሰቡም። ከስምንት ወር በፊት ራዲያተሩን በአዲስ ቀይረዋል።

እጃችንን በራዲያተሩ ላይኛ ጎማ ላይ አደረግን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ይህ ጎማ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ አካባቢ እስኪከፈት ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ አይሄድምና። የዚህች መኪና ጎማ ግን ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ማለት ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን በሙቀት መለኪያ ለካን፦ 58 ዲግሪ። ሽፋኑን ፈታነው። ቴርሞስታት የለም።

«ቴርሞስታቱን ማን አወጣው፣ አባባ?» አልኋቸው። እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ስለሆንሁ «እርስዎ» እያልሁ ነው የማናግራቸው፤ እርሳቸው እንደ ድሬ ልማድ «አንተ» ይሉኛል። «ይሄማ ቆየ እኮ!» አሉ እየሳቁ። «ውሃ ሲፈላብኝ ጊዜ አውጥቶ ጣለልኝ። አንተ ደግሞ፣ በዚህ ሙቀት ምን ይሠራል?»

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በራሱ ተፈታ። ለመፍታት ግን ከመኪናዋ ወጥተን ወደ ሳቢያን ጉድጓዶች መውረድ ነበረብን። ድሬዳዋ ውሃዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን የጉድጓድ መስክም ከዋና ምንጮቿ አንዱ ሆኖ ኖሯል። ውሃው የኖራ ድንጋይ አቋርጦ ስለሚመጣ ካልሲየም የበዛበት ነው። ይህን ለሳቢያን ሰው መንገር አያሻም፤ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። ያው ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ የቱቦዎቹንም ቀዳዳ ያጠብባል። ከዚህ ላይ በ1,200 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ጨምሩበት፤ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ ሞተሩ ገና ሳይግል ውሃው ይፈላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነው ይህ ነው። የጉድጓድ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ራዲያተር ታፈነ፤ መኪናዋ አፈላች፤ መካኒኩም ቴርሞስታቱን አውጥቶ ፋኑን ያለ ማቋረጥ እንዲሠራ በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ ጋር አያያዘው። መፍላቱ ቀነሰ። ራዲያተሩ የታፈነ ስለነበረም ሞተሩ ያለ ቴርሞስታት እንኳ ሙቀቱን ይይዝ ነበር። በሁለት ስሕተት መካከል አንድ ዓይነት ሚዛን ተፈጠረ ማለት ይቻላል። ምርመራውን ያለፈችው በዚያ ሚዛን ነው።

ከስምንት ወር በፊት ባለቤቱ ትክክለኛውን ሥራ ሠሩ፤ ራዲያተሩን ቀየሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲሱ ራዲያተር፣ የማይቆመው ፋንና የሌለው ቴርሞስታት ተባብረው ሞተሩን ያቀዘቅዙት ጀመር። የዚህች መኪና ቾክ ደግሞ አውቶማቲክ ነው፤ የሚከፈተው በሞተሩ ውሃ ሙቀት ተግቶ በሚለጠጥ ሰም ነው። በ58 ዲግሪ ሰሙ ሥራውን አይጨርስም። ቾኩ በከፊል ተዘግቶ ይቀራል፤ ካርቡሬተሩም መኪናዋ ገና ከእንቅልፏ እንደተነሣች ቆጥሮ ነዳጅ ማብዛቱን ይቀጥላል። 6.4 በመቶ የተባለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተወለደው እዚህ ነው። መካከለኛው ደረጃ ላይ የተደረገ መልካም ጥገና የቀድሞውን ያልተገባ ጥገና ገለጠው እንጂ አዲስ ብልሽት አልመጣም።

ጥገናው አጭር ነበር። ቴርሞስታት ገባ፤ ፋኑ በሙቀት ማብሪያው በኩል እንዲሠራ ተመለሰ፤ ክዳኑ በግፊት ተፈተሸ፤ የድብልቅ ብሎኑ በመለኪያ እየታየ በቦታው ተስተካከለ። ሞተሩ 84 ዲግሪ ላይ ሲረጋ ካርቦን ሞኖክሳይዱ 1.8፣ ሃይድሮካርቦኑ 220፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 13.2፣ ኦክስጅኑ 1.1 ሆነ። በከፍታ የመጣውን ትርፍ ነዳጅ ያረምነው በዚህ መጨረሻ ላይ፣ በብሎኑ ነው። የእኔም ስሌት እንግዲህ ፈጽሞ ዋጋ ያጣ አልነበረም፤ ተራው ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። የገባው ቴርሞስታት በፌስታሉ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ከአንዱ ቦቢና እንኳ ያነሰ ዋጋ ነበረው።

ስለ ናፍጣ መኪናዎች በጥቂቱ። እዚያ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ተመልከቱ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወይም ጨርሶ ያልነደደ ናፍጣ ሊሆን ይችላል። በከተማችን አቧራ ግን ከሁሉ በፊት ፊልትሮውን እዩ። በኮምፕሬሰር እየተነፋ የሚመለስ የወረቀት ፊልትሮ ከጊዜ በኋላ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ፊልትሮ የጭሱን ምርመራ ሊያሳልፍ ይችላል፤ አቧራው ግን ሲሊንደሩን እየፋቀ በሚቀጥለው ዓመት ሰማያዊ ጭስ ይዞ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ከብዙ ሰው ይቀርብልኛል። እነዚህ መኪናዎች ለምን ይደከምባቸዋል? አገሪቱ በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሏን አስታውቃለች፤ ከዚያ ቀደም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ም በአሮጌ መኪናዎች ላይ ያለውን ቀረጥ አክብዷል፤ ወደፊቱ የኤሌክትሪክ ነው ይባላል። እኔም የኤሌክትሪኩን ትምህርት እደግፋለሁ። ሆኖም እገዳው በር ላይ ያለውን መኪና ይመለከታል እንጂ ግቢ ውስጥ ያለውን አያስወጣም። እንዲያውም ምትኩ ሲወደድ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ ይያዛል። ጎረቤታችን ሐረር በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቃለች፤ ያ መኪና በፈረንሳይ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የሳቢያኑ አባባ ኤሌክትሪክ መኪና አይገዙም። ኮሮላዋን ይነዳሉ፤ ጥያቄው ጭሷ ስንት በመቶ ይሆናል የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ከተማሪዎቼ የምጠይቀው አንድ የተግባር ነገር ነው። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በወርክሾፓችን ለጭስ የሚቀርብ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሞተሩ ሙቀት ይመዘገባል፤ ቀጥሎ ማርሚታው ለቀዳዳ ይታያል፤ ከዚያ አራቱ ጋዞች ያለ ጭነትም በ2,500 ዙር ገደማም ይለካሉ፤ ባለቤቱም በዓመቱ ውስጥ የተነካውን ሁሉ፣ ከጭስ ጋር ባይገናኝም፣ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በወረቀት ሳይሰፍር ማንም መፍቻ አያነሣም። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። መኪናዋ የምትመረመረው በማለዳ ከሆነም ወረፋ ላይ አጥፍታችሁ አታቀዝቅዟት፤ ጤነኛዋም ብትሆን ቀዝቅዛ ትወድቃለች።

ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት በመንገድ አግኝተውኝ ነበር። ቦሎው ታድሷል። ራዲያተሩ ውስጥ ምን ውሃ እንደጨመሩ ጠየቅኋቸው፤ የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር እንዲጠቀሙ ነግረናቸው ነበርና። ኩላንቱ ለቅዝቃዜ አገር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የውሃውን መፍያ ከፍ የሚያደርገውና ዝገትን የሚከላከለውም እርሱ ነው። አባባ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ «ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ከቤት ቧንቧ ሞላሁበት» አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት ይዘዋት ይመጣሉ፤ እናጥበዋለን። ለማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች ከሁለት ሰዓት በፊት በወርክሾፑ ተገኙ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።